የቤተሰባችን አፍንጫ

በየቤተሰቡ አንድ አፍንጫ አለ። የቀረነው ሰዎች ፊታችን ላይ የተሸከምነው የመነጽር ማስቀመጫ ነው። እውነተኛው አፍንጫ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በራችሁ ላይ ሲደርስ "እንደምን ዋላችሁ" ከማለቱ በፊት ቆም ይላል። አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አየሩን አጠር አጠር አድርጎ ይስባል። እናንተ የበሩን እጀታ ይዛችሁ ፍርድ ትጠብቃላችሁ። የወለወላችሁት ወለል፣ የለበሳችሁት አዲስ ሸሚዝ፣ ከጠዋት ጀምሮ የለፋችሁበት ምሳ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት ዋጋ የለውም።

እናንተም ቤት እንዳለች አውቃለሁ። ምናልባት አክስት ናት፣ ምናልባት አማት፣ ምናልባት "ለአንድ አፍታ ብቻ" ብላ የገባች ጎረቤት። እኛ ቤት ታላቅ እህታችን ናት። ፊት ለፊት "እቴቴ" እንላታለን። ከጀርባዋ፣ በተለይ ወንድሜና እኔ ስልክ ስንደዋወል፣ ሙሉ ማዕረጓን እንጠቀማለን፦ ክብርት የመዓዛ ሚኒስትር።

"ክብርት ሚኒስትሯ ዛሬ ወዴት ናቸው?" ይለኛል።

"ወደ አንተ እየመጡ ነው።"

"መስኮት ልክፈት!" ይልና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል።

የዚህን አፍንጫ ችሎታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እቴቴ ሊፍት ውስጥ ገብታ ከእሷ በፊት የወረደው ሰው ቁርስ ይብላ አይብላ ትነግራችኋለች። ባለቤቴ ዓሣ ጠብሳ፣ መጥበሻውን ፈትጋ፣ መጋረጃውን ሳይቀር አውልቃ አጥባ፣ ከርሞ እቴቴን ብትጋብዛት፣ በር ላይ እንደቆመች "ዓሣው ትኩስ ነበር?" ብላ ጠይቃታለች። ልጄ ፈተና መውደቋን ከእኔና ከእናቷ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ጉንጯን ስማ ቀና አለችና "ይቺ ልጅ የደበቀችው ነገር አለ፤ ላቧ ልክ አይደለም" አለች። ልጅቷ እዚያው ቆማ ሁሉንም ዘከዘከችው።

ክብርትነታቸው ወደ ሥልጣን የመጡት ጡረታ በወጡ ማግስት ነው። እቴቴ የሥራ ዘመኗን የጨረሰችው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆና ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ እኛን ሦስታችንን፣ ማለትም እኔን፣ ዛሬ ፋርማሲ ያለውን ወንድሜንና ታናሽ እህታችንን ያሳደገችን በዚያ ሥራ ነው። ማታ ስትገባ ከኮቴዋ በፊት በረኪናዋ ይደርሰን ነበር። እኛን ስትል ለራሷ ጊዜ አጣች፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። የተሰናበተች ዕለት የሥራ ባልደረቦቿ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ካርቶን አበረከቱላት። ውስጡ ዲፊውዘር ነበር።

ዲፊውዘርን የማታውቁ ዕድለኞች ካላችሁ ልንገራችሁ። አንገቱ ቀጠን ያለ የመስታወት ጠርሙስ ነው። ውስጡ ሽቶ ያለው ዘይት አለ። አፉ ላይ ቀጫጭን የሸንበቆ እንጨቶች ይተከሉበታል፤ እንጨቶቹ ዘይቱን ከሥር እየመጠጡ ወደ ላይ ያወጡና ለቤቱ ያድሉታል። እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግ። ዝም ብሎ ቆሞ ይሸታል። እቴቴ ያንን ጠርሙስ ሳሎኗ ውስጥ አስቀመጠች፣ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ አየችው፣ በነጋታው ሄዳ ሌላ ገዛች። ከዚያ ወዲያ የደረሰውን የምናውቀው እኛ ነን።

ወዲያው ሕግ ወጣ። ለሳሎን እንጨቱ ይበዛል፣ ለመኝታ ቤት ያንሳል፣ ለመታጠቢያ ቤት ከዚያም ያንሳል። መስኮት ሥር ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ "ለጎረቤት ነው እንዴ የገዛሁት?" ትላለች። ማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ዘይቱ "ያለ ዕድሜው ይሞታል"። ደግሞ ለያንዳንዱ ቤት የሚስማማው ሽታ የተለያየ ነው፤ ይህን የምትወስነው እሷ ስትሆን ይግባኝ የለም። ፋርማሲስቱ ወንድሜ እንቅልፍ ስለሌለው ላቬንደር ታዘዘለት። ታናሽ እህታችን ቶሎ ስለምታኮርፍ ሎሚ ተሰጣት። ለእኔ ደግሞ "የባሕር ነፋስ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

"ለምን ባሕር?" አልኳት።

"አንተ ቤት ግርግር ይበዛል። ባሕር ያስፈልጋችኋል።"

የተዳረ ሰው ዲፊውዘር ያገኛል። የወለደች ዲፊውዘር ታገኛለች። ሀዘን የደረሰበት እንኳ አይቀርለትም፤ ለእሱ "ነጭ ሻይ" የሚባል፣ የማይጮህ፣ ጨዋ ሽታ አላት። የሕንፃችን ዘበኛ የሚቀመጥባት ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሦስት እንጨት ያለው ጠርሙስ አየሁ። "እህትዎ ናቸው" አለኝ ዘበኛው፣ ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ። ደስታ ይሁን ሽታው አልጠየቅኩትም።

ግን ይህ ሁሉ ከእሁድ ጠዋቱ ስልክ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። እንጨቶቹ በየሳምንቱ መገልበጥ አለባቸው፤ ዘይት የጠጣው ጫፍ ወደ ላይ፣ የደረቀው ወደ ታች። እቴቴ ይህን ለማናችንም ኅሊና ብቻ አልተወችውም። እሁድ በጠዋት ስልክ ይጮሃል።

"እቴቴ፣ እንዴት አደርሽ?"

"ደህና። ገለበጣችሁ?"

"ገልብጠናል።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"እጅህን ታጠብ" ትልና ትዘጋዋለች። ከዚያ ወንድሜ ጋ፣ ከዚያ ታናሿ ጋ። ከእሁድ ጠዋት እንቅልፌ ላይ ይህቺ ሴት የበላችውን ቢመልሱልኝ ጉንጬ ገና የልጅ ጉንጭ ይሆን ነበር።

በመጀመሪያ የተሰበረው ፋርማሲስቱ ነው። አፍንጫ ይለምዳል፤ ሙያው ስለሆነ ይህንን ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። ግን ማወቅና መጠንቀቅ ለየቅል ናቸው። ላቬንደሩ አልሸት ሲለው አንድ እንጨት ጨመረ። እሱንም ለመደው፣ ሌላ ጨመረ። ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ አንድ ቀን የጋዝ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ በር ላይ አንድ ጊዜ ስቦ ወደ ኋላው አለና "ማንም ሰው ክብሪት እንዳይጭር!" ብሎ ጮኸ። የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በፒጃማ ወጣ። ሚስቱ በማግስቱ ጠርሙሱን ፋርማሲው ጓሮ ወስዳ ከባዶ ካርቶኖች ጋር አስቀመጠችው። እዚያው ተንኖ አለቀ።

የእኔን ባሕር ውሻችን ጨረሰው። በጅራቱ ገጭቶ ጣለውና ላዩ ላይ ተንከባለለበት። ለብዙ ጊዜ መናፈሻ ስወስደው የሌሎች ሰዎች ውሾች አሽተውት ግራ ተጋብተው ይሄዱ ነበር፤ አንዷማ የቆየ ወዳጁ ዞራ ጮኸችበት። ከእንጨቶቹ የተረፉትን ልጄ ለትምህርት ቤት የድልድይ ሞዴል ሠራችባቸውና አንደኛ ወጣች። ስለዚህ በሦስቱ ቤቶች መካከል በሕይወት የቀረችው የታናሿ የሎሚ ጠርሙስ ብቻ ነበረች። እሁድ ስልኩ ሲጮህ ግን ሁላችንም እንደገለበጥን እንናገራለን። አየር እንገለብጥ ነበር ማለት ነው።

በዚህ መሀል ክብርትነታቸው በሥራ ላይ እንዳሉ አደጋ ደረሰባቸው። ቁም ሳጥን አናት ላይ ጠርሙስ ለማስቀመጥ ወንበር ላይ ወጥታ ተንሸራተተች። ጠርሙሱን አልለቀቀችውም፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም፤ የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ግን ተቀደደ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ዶክተሯም እኛን ኮሪደር ላይ ሰብስባ "ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ብቻዋን? አይታሰብም። እስክትድን ከእናንተ አንዳችሁ ጋ ትሁን" አለችን።

የዚያን ዕለት ሦስታችን ያሳየነውን ቸርነት ሰው ቢያየው ያለቅስ ነበር።

"እኔ ጋ ብትሆን እንዴት ደስ ይለኝ ነበር" አለ ወንድሜ፣ "ግን አንተ ጋ ጥሩ ፀሐይ ይገባል።"

"ፀሐይስ ይገባል" አልኩ፣ "ግን ታናሿ ጋ አልጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ለጉልበት ጥሩ ነው።"

"አልጋዬ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን እናንተ ታላላቆቼ አይደላችሁም? እኔ ምን በወጣኝ እሽቀዳደማለሁ?" አለች ታናሿ።

ይህን ስንባባል የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ኖሯል። "ሦስታችሁንም ቤት አይቼ እወስናለሁ!" የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ።

እርስ በርስ ተያየን። በሦስቱ ቤት ያለችው አንዲት ጠርሙስ ናት።

እዚህ ላይ ስለ እቴቴ ቅያሜ መናገር አለብኝ፣ ያለዚያ ለምን እንደዚያ ነፍሳችን እንደወጣች አይገባችሁም። እቴቴ ስትቀየም አትጮህም፣ አትሳደብም። "ግድ የለም" ትላለች። በቃ። "ግድ የለም" ካለች በኋላ ተነስታ ቤቷ ትገባለች፤ ለምናችሁ አትመልሷትም። ወንድሜን አንድ ጊዜ "ግድ የለም" ብላው ክረምቱ እስኪወጣ አላናገረችውም። አሁን ስጦታዎቿን ሁሉ እንደጨረስናቸው፣ በየእሁዱ እንደዋሸናት ብታውቅ "ግድ የለም" ብላ በክራንች ወደዚያ አራተኛ ፎቅ መመለሷ አይቀርም። ያንን ደረጃ ብቻዋን ስትወጣ፣ ብቻዋን ስትወርድ፣ ብቻዋን መታጠቢያ ቤት ስትገባ ታየችኝ። አብራኝ እንድትሆን ፈርቼ ነበር፤ እንዳትሆን ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ።

መፍትሔውን ያመጣው የታናሿ ባል፣ ባለታክሲው ነው። "ጠርሙሷ ትዙር" አለ፣ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው እጁን አፋትጎ። "እሷን የምነዳት እኔ ነኝ። ደረጃ ላይ በክራንች ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። እኔ 'በሩን ላስከፍት' ብዬ እቀድማለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ስትወጣ 'ስልኬን ረሳሁ' ብዬ እመለሳለሁ፣ አነሳለሁ። ቀጣዩ ቤት!"

የተማርን ሰዎች ነን፤ ጥሩ ሐሳብ መሰለን።

ጉብኝቱ የተጀመረው ከታናሿ ቤት ነው። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እሄዳለሁ፣ ብትወድቅ ልደግፋት። እዚህ ጠርሙሷ የቤቱ ስለሆነች ችግር አልነበረም። እቴቴ በር ላይ ቆመች፣ ሳበች፣ "ሎሚ። ጎበዝ" አለች። አልጋውን ተጫነች፣ መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ ወጣን። ባለታክሲው ከታች "ወይኔ፣ ስልኬ!" ብሎ ግንባሩን መታና ደረጃውን እየዘለለ ተመለሰ። ሲወርድ ጃኬቱ ሆዱ ላይ አብጧል። ጠርሙሷን የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ሸጎጣት።

ወንድሜ ቤት ስንደርስ እቴቴ ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ሳትረግጥ ባለታክሲው አልፎን ተፈተለከ። ላይ ስንደርስ ሁሉም በረድፍ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ባለታክሲው ያለከልካል። ጠርሙሷ መደርደሪያው ላይ ጉብ ብላለች።

እቴቴ ሳበች። ደግማ ሳበች።

"ለአንተ ላቬንደር አልነበረም የሰጠሁህ?"

"ነበር እቴቴ" አለ ወንድሜ። ፊቱን እያየሁት ነው፤ ይህ ሰው ለሕመምተኛ ሁሉ መልስ ያለው ሰው ነው። "ነበር፤ ግን በጣም ሠራ። እንቅልፍ በዛብኝ። ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ተኛሁ። ደንበኛ ቀሰቀሰኝ። ስለዚህ... ወደ ሎሚ ቀየርኩ።"

"እህም" አለች እቴቴ።

ያቺ "እህም" ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሆና ወረደች። ሳቅም አፍኖኝ ነበር፤ አፌን በመሀረብ ይዤ ሳልኩ። ሚስቱ ደግሞ ሎሚው ይሁን ጭንቀቱ አይታወቅም፣ ማስነጠስ ጀመረች፤ አላቆመችም። ስንወጣ "ወይኔ፣ ስልኬ!" ሲባል እቴቴ ወደ ኋላ ሳትዞር "ይህ ልጅ ስልኩን በገመድ አንገቱ ላይ ይሰር" አለች።

ወደ እኔ ቤት ጉዞ ጀመርን። ባለታክሲው ተቻኩሎ ስለነበር ጠርሙሷን አቁሞ አላስቀመጣትም፤ አንዱን የመንገድ ማቀዝቀዣ ጉብታ ደግሞ ሳያየው ዘለለው። እኔ ከኋላ ወንበር "ግው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ውስጥ የሎሚ እርሻ ገባ። እቴቴ መስኮቷን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችና ውጭ ውጭውን ታይ ጀመር።

ሕንፃችን በር ላይ ባለታክሲው ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ዘጋው። በእቴቴ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝና ጭንቅላቱን ወዘወዘ። አለቀልን።

ቤቴን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ነው የምትሰፋው፤ ሳሎኑ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ የልብስ ስፌት ነው። የዚያን ቀን ሰው የሚቸኩልበት ወፍራም የሱፍ ካፖርት በእንፋሎት እየተኮሰች ነበር። ወተት ጥዳ ነበር። ባለታክሲው ከታች ደውሎ "ጠርሙሷ ሞተች" ሲላት ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ነደደ። ውሻው ለክብርት ሚኒስትሯ ሲባል ታጥቦ ነበር፤ እርጥብ ውሻ ከደረቁ እንደሚብስ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከሁሉም በላይ ልጄ የእግር ኳስ በረኛ ናት። የበረኛ ጓንት አሽታችሁ ታውቃላችሁ? ጨዋታ ተጫውታ መጥታ፣ እንዲደርቅላት ማሞቂያው ላይ ዘርግታዋለች።

እቴቴ በር ላይ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ሳበች። እንደዚያ ረጅም አድርጋ ስትስብ አይቻት አላውቅም። ባለቤቴ ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"ሱፍ" አለች እቴቴ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። "የተቃጠለ ወተት። የስፌት መኪና ዘይት። ውሻ። ይኼ... ይኼኛው ምንድነው? ይኼን አላውቀውም።"

"ጓንቴ ነው፣ አክስቴ" አለች ልጄ፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ።

"እቴቴ" አልኩ፣ ከዚህ በላይ ማስመሰል አልቻልኩም። "ጠርሙሱ... እኛ እኮ..."

"ዝም በል። የተቀደደው ጉልበቴ እንጂ አፍንጫዬ አይደለም። አንዲት የሎሚ ጠርሙስ ቤት ለቤት ስታዞሩ፣ ያን ምስኪን ደረጃ ለደረጃ ስታሯሩጡ ዋላችሁ። ልብ ድካም ቢይዘው ማን ሊጠየቅ ነበር?"

ባለታክሲው ግድግዳውን ተደግፎ አቀረቀረ። እኔ "ግድ የለም" እስክትል ጠበቅኩ። ከንፈሯን እያየሁ ጠበቅኩ።

እቴቴ ግን ክራንቿን ለልጄ አቀበለቻትና የሱፍ ቁርጥራጭ የተከመረበት ሶፋ ላይ ቁጭ አለች። "እዚህ እሆናለሁ" አለች።

"እዚህ?" አልኩ። "በዚህ ሽታ?"

"እኔ ቤት በር ስትከፍት ምን እንደሚሸት ታውቃለህ?"

"ሁሉ ነገር። ቫኒላ፣ ጽጌረዳ፣ ያ ነጭ ሻይ..."

"ያ የጠርሙሱ ነው። የቤቱን ነው የምጠይቅህ።" እርጥቡ ውሻ መጥቶ ጭኗ ላይ አገጩን ሲያስቀምጥ አላባረረችውም። "ምንም አይሸትም። አንድ ሰው የሚኖርበት ቤት ምንም አይሸትም። ሳህን አንድ፣ ፎጣ አንድ። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን በር ከፍቼ ስገባ የሰው ቤት የገባሁ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። እናንተ ስትወጡ የቤቱን ሽታ ይዛችሁ ወጣችሁ። እኔም ምን ላድርግ፣ ገዛሁ።"

ባለቤቴ ካውያውን አስቀምጣ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አለቀስኩ። ያን ሁሉ እሁድ ስልኩን ዓይኔን እያሸሁ ሳነሳ የምትደውለው ስለ እንጨት ብቻ መስሎኝ ነበር።

"ያ ጓንት ግን" አለች እቴቴ፣ ድምፅዋን መልሳ፣ "በረንዳ ይውጣ። የሰው ሽታ አልኩ እንጂ የሬሳ አላልኩም።"

እንዲህ ሆኖ ክብርት የመዓዛ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤታቸውን ወደ እኛ ሳሎን አዛወሩ። ጸጥ ያለች እንግዳ ትሆናለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ታሪኩን በደንብ አልተከታተላችሁም። በሁለተኛው ቀን የጫማ መደርደሪያችን በረንዳ ወጣ። ውሻው የሚታጠብበት ሥርዓት ወጣለት። የሆስፒታል አንሶላ ስታነጣ የኖረች ሴት ጓንቱን በራሷ ብልሃት አጥባ አመጣችው፤ ልጄ አድርጋው ገብታ ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነች፤ አሠልጣኟ መጥቶ የቡድኑን ጓንት በሙሉ በከረጢት አስረከባት። ለባለቤቴ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ጥግ ላይ አንዲት ጠርሙስ፣ ሁለት እንጨት ብቻ፣ አኖረች። ሴቶቹ ከለኩ በኋላ መሄድ ትተው ይቀመጡ ጀመር፤ ተቀምጠው ቀሚስ ጨምረው ያዝዙ ጀመር።

እኔን ግን አታስወራኝም ነበር። "ከቢሮ ነው ወይስ ከሌላ የመጣኸው?" "ከቢሮ።" "ከቢሮ ከሆነ ያን የተጠበሰ ነገር ማን በላልህ? ሐኪሙ ቅባት ከልክሎህ የለም?" ይህ ነው ኑሮዬ። ወንድሜ በየጊዜው ይደውልና "ክብርትነታቸው እንዴት ናቸው? ታገሥ፣ ያልፋል" ይለኛል፣ ከልቡ እያዘነ። እኔም አዎ ከባድ ነው እለዋለሁ። ሰው ፊት ከባድ ነው ማለት ጀምሬ ነበርና ማቆሚያ አጣሁ። ያልነገርኩት ነገር ቢኖር ከሥራ ቀደም ብዬ መውጣት መጀመሬን፣ ደረጃው ላይ ስደርስ ቆም ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቤት ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ለማወቅ መሳብ መጀመሬን ነው። ሱፍ፣ ሳሙና፣ ወጥ፣ ትንሽ ውሻ፣ የእቴቴ የጉልበት ቅባት። ከዚያ በኋላ ነው ደወሉን የምጫነው።

ባለፈው ሰሞን ለምርመራ ወሰድኳት። ጠዋት ውሻው ካልሲዋን ይዞ ሲሮጥ ኮሪደሩን ያለ ክራንች አባራ ይዛዋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዶክተሯ ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጫን ጫን አደረገችና ፊቷ በራ።

"ድንቅ ነው! እንኳን ደስ አለዎት። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቤትዎ መመለስ ይችላሉ።"

እቴቴ ቀሚሷን ወደ ታች አስተካከለች። "ጥሩ" አለች።

"ዶክተር" አልኩ፣ "ደረጃው ግን አራተኛ ፎቅ ነው።"

"ይወጡታል። ጉልበታቸው ከእኔ ይበልጣል።"

"እርግጠኛ ነዎት? ወደ ማታ ላይ ያነክሳሉ እኮ። ትንሽም አይደል። እኔ ነኝ የማያቸው።" ፈጽሞ አታነክስም ነበር። እቴቴ ቀና ብላ አየችኝ። አፍንጫዋ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መዋሸቴን አሽትታዋለች።

"ያነክሳሉ?" አለች ዶክተሯ ተገርማ። "እስቲ እስከ በሩ ድረስ ይራመዱልኝ።"

እቴቴ ከአልጋው ወረደች። ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች። አንድ እርምጃ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ቆም አለች፣ ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየችና ማንከስ ጀመረች። እንዴት ያለ ማንከስ! አንድ ትከሻዋ ወረደ፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ "አይዞሽ" የሚያሰኝ ማቃሰት አወጣች። የምታነክሰው ግን በግራ እግሯ ነበር፤ ምንም ባልሆነው እግሯ።

ዶክተሯ ግራ እግሯን አየች። እኔን አየች። እስክሪብቶዋን ነክሳ ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች።

"እንዲህ ዓይነቱ ይከብዳል" አለች በመጨረሻ። "ለጊዜው እርስዎ ጋ ቢቆዩ ይሻላል።"

"ምን ይደረግ እንግዲህ" አልኩ፣ የተቻለኝን ያህል ፊቴን አጨፍግጌ።

እቴቴ ክንዴን ይዛ እያነከሰች ወጣች። ኮሪደሩ መሀል ስንደርስ ጎንበስ ብዬ "እግርሽ ተሳስቷል" አልኳት በጆሮዋ፤ ቆም ብላ አሰበችና ወደ ቀኙ ቀየረችው።